ከአይጥ ጀርባ የበቀለው ጆሮና የጎረቤቴ ልጅ

«ጋሼ፣ ይሄ ነገር እውነት ነው እንዴ?»

ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው። አየሁት። ፀጉር የሚባል ያልበቀለባት፣ ቆዳዋ የተጨማደደ አይጥ ናት። ጀርባዋ ላይ ደግሞ ጆሮ አለ። የሰው ጆሮ! እኔ በበኩሌ የያዝኩትን ሻይ መጠጣት አቃተኝ።

ነገሩ የሆነው አንድ የክረምት እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ እዚሁ እኛው ሰፈር ጉለሌ ነው። ከእንጦጦ የወረደው ዝናብ ቆርቆሮውን እየደበደበ መነጋገር እንኳ አስቸግሮን ነበር። ልጅቷ የጎረቤቴ ልጅ ናት። 23 ዓመቷ ነው፤ ሽሮ ሜዳ አንድ የሐበሻ ልብስ መሸጫ ሱቅ ውስጥ ትሠራለች። ስሟን አልጠራም። ታሪኳን እንድጽፍ የፈቀደችልኝም ስሟን እንደማልጠራ ቃል ካስገባችኝ በኋላ ነው።

መልከ ቀና ናት። ግን ነፍስ ካወቀች ጀምሮ ሻሽ፣ ነጠላ ወይም በቀኝ በኩል የተለቀቀ ፀጉር ተለይቷት አያውቅም። ይህን ሁሉ ዓመት ግድግዳ ተጋርተን ስንኖር ቀኝ ጆሮዋን አይቼው አላውቅም ነበር። ያን ዕለት ሻሿን ፈታች። በጆሮው ቦታ የጣት ጫፍ የምታህል፣ የተጠቀለለች ሥጋ ብቻ ናት ያለችው። ቀዳዳም የለውም።

«ስወለድ ጀምሮ ነው» አለች። ቀጥላም ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ጥር ላይ ልጋባ ነው። እሱ አላየውም።»

ለካ በእህቷ ጓደኛ በኩል አንድ ደላላ ተዋውቃለች። ደላላው «ባሕር ማዶ ያለ ክሊኒክ ከራስሽ ሴል አዲስ ጆሮ ያበቅልልሻል፤ በሦስት ሳምንት አዲስ ሰው ሆነሽ ትመለሻለሽ» ብሏታል። የአይጧንም ፎቶ የላከላት እሱ ነው። ቀብድ 300 ሺህ ብር እስከ ዓርብ ድረስ መግባት አለበት። እናትየው ዕቁባቸውን ሊጨምሩ፣ የአንገት ሐብላቸውንም ሊሸጡ ተዘጋጅተዋል። ሳነጋግራቸው እንባቸው ቀደመ። «አንተ ልጄ፣ በሆዴ ሳለች የበደልኳት ነገር ቢኖር ነው እንጂ እንዲህ አትሆንም ነበር። ወርቅ ከልጄ አይበልጥብኝም» አሉኝ።

ምን ልበል? «እስከ ዓርብ ጊዜ ስጡኝ» አልኳቸው። አንባቢዎቼ፣ በእነዚያ አምስት ቀናት ያነበብኩትንና ከአንድ የማውቀው ቀዶ ሐኪም የሰማሁትን ላጫውታችሁ። እንዲህ ያለ ችግር ወይም እንዲህ ያለ ደላላ እናንተም ቤት ሊያንኳኳ ይችላልና።

አይጧ እውነት ናት፣ ግን…

አዎ፣ አይጧ እውነተኛ ናት። አሜሪካ ውስጥ ቻርልስ ቫካንቲ የሚባሉ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው የሠሯት ናት። ምስሏ እ.ኤ.አ. በ1995 በቴሌቪዥን ታይቶ ዓለምን አንጫጫ። ጥናቱም እ.ኤ.አ. በ1997 በሕክምና መጽሔት ላይ ታተመ።

ግን ፎቶዋ የማትናገረው ነገር አለ። አንደኛ፣ ጆሮው የሰው አይደለም። ቅርጹ የተወሰደው ከሦስት ዓመት ሕፃን ጆሮ ነው፤ ሴሎቹ ግን የጥጃ ናቸው። ሁለተኛ፣ አይጧ ሆን ተብሎ የተመረጠች፣ በተፈጥሮዋ የሰውነት መከላከያዋ የደከመ ዓይነት ናት። ስለዚህ የገባባትን ባዕድ ነገር አልተቆጣችውም፣ አልተዋጋችውም። የእኔና የእናንተ ሰውነት ግን እንዲህ ገራም አይደለም። ሦስተኛ፣ ያ ጆሮ ምንም አይሰማም። ቅርጽ ብቻ ነው። ይቺን ሦስተኛዋን ነገር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

የሚሟሟው ርብራብ

ለመሆኑ ጆሮ እንዴት ይበቅላል? መጀመሪያ ካርቲሌጅን እንወቅ። ለስላሳ አጥንት ነው። ሥጋ ስንበላ ጥርሳችን ሥር ቀጭ የሚለው ነጭ ነገር እሱ ነው። ጆሮአችንና የአፍንጫችን ጫፍ ቅርጻቸውን ያገኙት ከእሱ ነው። የጉልበታችንንም አጥንቶች ጫፍ ሸፍኖ እንዳይፋተጉ ያደርጋል። የደም ሥር የለውም፤ ነርቭም የለውም። ደም ስለማይደርሰው አንዴ ከተጎዳ ራሱን በቅጡ አይጠግንም። ኳስ ተጫዋቾች የጉልበት ካርቲሌጅ ሲሉ የሚደነግጡት ለዚህ ነው።

ይኸው ድህነቱ ግን ለተመራማሪዎች በር ከፈተላቸው። ልብ ወይም ጉበት ላቦራቶሪ ውስጥ ልሥራ ቢሉ የደም ሥር መዘርጋት ግድ ነው። ካርቲሌጅ ግን በጥቂት ምግብና በጥቂት ኦክስጅን የሚኖር ቁጥብ ሥጋ ነው። እናም ከሰውየው ላይ ቁራጭ ካርቲሌጅ ይወሰዳል፣ ሴሎቹ ከውስጡ ተለቅመው ይወጣሉ፣ በሰውነት ሙቀት ልክ ምግብ ባለበት ፈሳሽ ውስጥ እንዲራቡ ይደረጋል። በሳምንታት ውስጥ ጥቂቱ ብዙ ይሆናል።

ችግሩ ከዚህ በኋላ ነው። ሴሎቹ በጠፍጣፋ ዕቃ ላይ ተንጣለው ብዙ ጊዜ ሲራቡ ሙያቸውን ይረሳሉ። ጠንካራና ተለማጭ ካርቲሌጅ መሥራታቸውን ትተው እንደ ጠባሳ ያለ ሥጋ መሥራት ይጀምራሉ። ሙያቸውን እንዲያስታውሱ ከሚረዷቸው ነገሮች አንዱ ወርድ፣ ቁመትና ጥልቀት ያለው ቤት ማግኘት ነው። ይህ ቤት ነው ርብራብ የሚባለው።

ሰፈራችን ፎቅ ሲሠራ አይታችኋል አይደል? የባሕር ዛፍ እንጨት እየታሰረ ርብራብ ይቆማል። ግንበኞቹ በእሱ ላይ ወጥተው ግድግዳውን ያቆማሉ። ሕንፃው በራሱ መቆም ሲችል ርብራቡ ይፈርሳል። የጆሮውም ነገር ይኸው ነው። ግንበኞቹ ሴሎች ናቸው፤ ርብራቡ ደግሞ በጆሮ ቅርጽ የተሠራ፣ እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ የበዛበት ነገር ነው። ልዩነቱ ይህን ርብራብ ማንም መጥቶ አያፈርሰውም። ራሱ ሰውነት ውስጥ እየሟሟ ይጠፋል።

አስማት እንዳይመስላችሁ። በኦፕራሲዮን የወለደች እህት ካለቻችሁ «ክሩ ራሱ ይጠፋል፣ ማውጣት አያስፈልግም» ተብላ ይሆናል። የአይጧ ርብራብ የተሠራው ለእንዲህ ያለ ክር ከሚያገለግል ነገር ነው፤ ፖሊግላይኮሊክ አሲድ ይባላል። ቅርጹ እንዲጸናም ፖሊላክቲክ አሲድ ተቀብቷል። ሰውነት ውስጥ ያለው ውኃ ቀስ በቀስ ይበጣጥሳቸዋል። ከሁለተኛው የሚወጣው ላክቲክ አሲድ እርጎን የሚያኮመጥጠው፣ ስንሮጥም ጡንቻችን ራሱ የሚያመርተው ነው።

ጭንቁ ያለው ጊዜው ላይ ነው። ርብራቡ ግድግዳው ሳይጸና ቀድሞ ከጠፋ ጆሮው ይሟሽሻል። በላዩ ያለው ቆዳ እንደ ጠባብ ካልሲ ይጫነዋልና። በጣም ከቆየ ደግሞ ሰውነት «ይሄ ባዕድ ምንድነው?» ብሎ ይቆጣዋል፤ አዲሱ ካርቲሌጅም አብሮ ሊጎዳ ይችላል። ተመራማሪዎች ከአይጧ ወዲህ ለብዙ ዓመታት ሲታገሉ የቆዩት ከዚህ ጋር ነው።

በሰው ላይስ?

ሰው ላይ ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2018 የቻይና ሐኪሞች እንደ ጎረቤቴ ልጅ አንድ ጆሯቸው ሳያድግ የተወለዱ አምስት ልጆችን ውጤት አሳተሙ። ልጆቹ ከ6 እስከ 9 ዓመት ነበሩ። ካልዳበረው ጆሯቸው ላይ ሴል ተወሰደ። ደህናው ጆሮ በራጅ መሣሪያ ተነስቶ፣ እንደ መስተዋት ተገልብጦ ቅርጽ ወጣለት። ርብራቡ መሐሉ ላይ ለዓመታት ቀስ እያለ የሚሟሟ ነገር ገባበት፤ እንዳይሟሽሽ ነው። ሴሎቹ በላዩ ላይ ላቦራቶሪ ውስጥ ሦስት ወር አደጉ፤ ከዚያ ልጆቹ ቆዳ ሥር ገባ። የመጀመሪያዋን ልጅ ሁለት ዓመት ተኩል ተከታተሏት፤ ጆሮው ቅርጹን ይዞ ቆየ። ሆኖም አምስቱም እኩል አልወጡም፤ ቅርጹ ትንሽ የተዛባም ነበረ። ሐኪሞቹ ራሳቸው ገና ረዥም ክትትል ያስፈልጋል ነው ያሉት።

እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ አሜሪካ፣ ቴክሳስ ውስጥ አንዲት የ20 ዓመት ወጣት ከራሷ ሴል በማተሚያ መሣሪያ የተሠራ ጆሮ ተገጠመላት። እሱም በሚሟሟ ቅርፊት ተደግፎ ነው የገባው። ይህም ሙከራ ነበር።

ጉልበት ላይ ነገሩ ቀደም ብሏል። የስዊድን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1994 የ23 በሽተኞችን ጉልበት በራሳቸው ሴል ማከማቸውን አሳተሙ። እ.ኤ.አ. በ2016 ማብቂያ ላይ የአሜሪካ መንግሥት ሴሎቹ በስስ ሽፋን ላይ ተዘርተው የሚለጠፉበትን ሕክምና ፈቀደ። ሽፋኑ ከአሳማ የተሠራ ስለሆነ በሃይማኖት ምክንያት ለሚጠነቀቅ ሰው ቀድሞ ማወቁ ደግ ነው። ይህም ሕክምና ቢሆን ካርቲሌጁ በተወሰነ ቦታ ተቦርቡሮ ለተጎዳ ጉልበት ነው። በእርጅና ጠቅላላ ላለቀ ጉልበት አይደለም። ስለዚህ ለአባታችሁ ጉልበት «አንድ መርፌ ይበቃዋል፣ ካርቲሌጁ መልሶ ይበቅላል» የሚል ሰው ሲመጣ ቦርሳችሁን ያዝ አድርጉ።

አያችሁ? ነገሩ ውሸት አይደለም። እውነት ነው፤ ግን በሦስት ሳምንት ተሠርቶ የሚሸጥ ዕቃ አልሆነም። ሴሉን ማሳደግ ብቻ ሦስት ወር ከፈጀ ደላላው በሦስት ሳምንት ምን ሊያደርግላት ነው? ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ይባላል። እዚህ ጋ መጫኛው የአይጧ ፎቶ ነበር።

ሐኪሙ የጠየቀው ጥያቄ

ሐሙስ ዕለት ልጅቷን ይዤ ቀዶ ሐኪሙ ዘንድ ሄድኩ። ሻሿን እስክትፈታ ታግሦ ጠበቃት። አይቶ ሲጨርስ መጀመሪያ የጠየቃት ስለ መልኳ አልነበረም።

«በዚህ በኩል ትሰሚያለሽ?»

ዝም አለች። ደላላው በዚያ ሁሉ መልእክት አንድም ጊዜ ይህን አልጠየቃትም ነበር። እኔም አልጠየቅኳትም። እናቷም ቢሆኑ ስለ መልኳ ሲያለቅሱ ነው የኖሩት።

ሐኪሙ አስረዳን። እንዲህ ያለ አፈጣጠር ከ10 ሺህ ሕፃናት ከአንድ እስከ አራት በሚሆኑት ላይ ይታያል። አብዛኛውን ጊዜ በአንድ በኩል፣ ይበልጡን በቀኝ ነው። እርግማንም የእናት በደልም አይደለም፤ ጽንሱ ገና በመጀመሪያዎቹ የእርግዝና ሳምንታት ጆሮውን ሲሠራ የሚፈጠር ጉድለት ነው። (ይህን ቃል በቃል ለእናትየው ነግሬያቸዋለሁ። ከሐብሉም በላይ የከበዳቸው እሱ ነበርና።) ቀዳዳው ቢዘጋም ድምፅን ወደ አእምሮ የሚልከው የውስጠኛው ጆሮ ብዙውን ጊዜ ደህና ነው። ድምፅ መግቢያ አጣ እንጂ ሰሚው ቤት ውስጥ ተቀምጧል።

ቅርጽ ብቻ ከሆነ የሚፈለገው፣ ለዓመታት የተሠራበት መንገድ አለ። ቀዶ ሐኪሙ ከራሷ የጎድን አጥንት ጫፍ ካርቲሌጅ ወስዶ፣ በጆሮ ቅርጽ ጠርቦ ቆዳ ሥር ያስገባዋል። ብዙውን ጊዜ ሁለትና ከዚያ በላይ ቀዶ ሕክምና ይፈልጋል፤ በመካከሉ ወራት ይጠበቃል። ደረት ላይ ጠባሳ ይተዋል፤ የሐኪሙም እጅ ይለያያል። ቀዶ ሕክምና ለማይፈልግ ከሲሊኮን የሚሠራ የሚገጠም ጆሮ አለ። ላቦራቶሪ ውስጥ የማሳደጉ ምርምር የመጣውም ይህን የጎድን አጥንት ቀዶ ሕክምና ለማስቀረት ነው። ግን አንዳቸውም መስማት አይሰጡም። የበቀለውም፣ የተጠረበውም፣ የተገጠመውም ቅርጽ ነው።

ከዚያ የመስማት ምርመራ ላካት። ባለሙያዋ በደህናው ጆሮ በኩል እንዳትሰማ ሽሽሽ የሚል ድምፅ ለቀቀችበት። ከዚያ ከቀኝ ጆሮዋ ጀርባ አጥንቱ ላይ የምትንቀጠቀጥ ትንሽ መሣሪያ አስቀመጠች። ልጅቷ ድምፅ ስትሰማ እጇን እንድታነሳ ነው የተባለችው። አነሳች። ደግማ አነሳች። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል።

«ጋሼ፣ በዚያ በኩልም አለሁ እኮ» አለችኝ።

ድምፅን በአጥንት በኩል ወደ ውስጠኛው ጆሮ የሚያደርስ መሣሪያ አለ። በጭንቅላት ማሰሪያ የሚታሰርም፣ በቀዶ ሕክምና የሚተከልም አለ። ሐኪሙ ቅርጹን ከማሰቧ በፊት ስለ እሱ እንድታስብ መከራት። 300 ሺህ ብሩ ዓርብ ቀን አልገባም። ደላላው መጀመሪያ ለመናት፣ ቀጥሎ ተቆጣት፣ ከዚያ ስልኳን ማንሳት አቆመ።

ከመክፈላችሁ በፊት

ወጣቶች፣ ከሰው ሴል አካል እናበቅላለን የሚል ሁሉ አታላይ አይደለም፤ አታላዮቹ ግን ቋንቋውን ተምረውታል። ስለዚህ የሚከተሉትን ሳትጠይቁ ሳንቲም አታውጡ።

አንደኛ፣ «ይህ የተፈቀደ ሕክምና ነው ወይስ ሙከራ?» በሉ። ሙከራ ከሆነ የፈቀደው የሥነ ምግባር ኮሚቴ ማነው? የተጻፈ ስምምነትስ የታለ? ገና ያልተረጋገጠ ነገር ላይ ራሳችሁን ሰጥታችሁ፣ በዚያም ላይ ትልቅ ገንዘብ ክፈሉ ከተባላችሁ ቆም በሉ።

ሁለተኛ፣ «ሴሉ ከየት ይወሰዳል? የትኛው ላቦራቶሪ፣ ለስንት ጊዜ ያሳድገዋል?» መልሱ «ምስጢር ነው» ከሆነ ወሬው እዚያ ጋ ያብቃ።

ሦስተኛ፣ «ከሁለት ዓመት በኋላ ቢበላሽ ማን ያየኛል?» ባሕር ማዶ ተሠርቶ ጉለሌ ላይ ሲያብጥ ደላላውን አታገኙትም።

አራተኛ፣ መጀመሪያ ከደላላ ጋር ሳይሆን ከሐኪም ጋር ተነጋገሩ። ጆሮ ከሆነ የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም አለ። እንዲህ ያለ ሕፃን ሲወለድ ደግሞ ሳይውል ሳያድር የሁለቱም ጆሮ መስማት ይመርመር። በአንድ ጆሮ የሚሰማ ሰው ደህናውን ጆሮ እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቀው፤ ኢርፎኑን እስከ ጥግ ከፍቶ አይስማበት።

ተስፋ ቁረጡ ማለቴ አይደለም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። እዚሁ ጉለሌ ጳውሎስ ሆስፒታል የአገራችን የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ መስከረም 2008 ዓ.ም. ሲከናወን፣ «እኛ አገር? አይሞከርም!» ሲሉ የነበሩ ሰዎች ነበሩ። የጆሮውም ቀን ይመጣ ይሆናል። እስኪመጣ ግን የእናት ሐብል አይሸጥ።

ለእጮኛዋ ነገረችው

የቀረው ለእጮኛዋ መንገር ነበር። እኔ «ንገሪው» አልኳት እንጂ አላስገደድኳትም። ሁለት ሳምንት ፈጀባት። አንድ ምሽት ሱቅ ዘግተው ወደ ቤት ሲሸኛት ነገረችው። አሳየችውም።

ምን አለ መሰላችሁ? መጀመሪያ ምንም አላለም። ከዚያ «ታክሲ ውስጥ በቀኝሽ ስቀመጥ ለዚህ ነው የማትመልሽልኝ?» አላት። ለካ ልጁ ከአንድ ዓመት በላይ ሲብሰለሰል ኖሯል። በግራዋ ሲሆን ትስቃለች፣ ትጫወታለች። በቀኟ ሆኖ የሹክሹክታ ፍቅር ሲያወራት ግን ዝም ትላለች። አንድ ጊዜማ «የማገባት ስለምትወደኝ ነው ወይስ ስለለመነኋት?» ብሎ ለጓደኛው አማክሮ ነበር አሉ። እሷ ጆሮዋን ስትደብቅ እሱ ፍቅሯን ያጣ መስሎት ነበር።

ይህን ስትነግረኝ ሳቀችም አለቀሰችም። የሚደበቅ ነገር ያላችሁ ወጣቶች ይቺን አስቧት። የደበቃችሁት ነገር ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ሌላው ሰው በራሱ ይተረጉመዋል፤ ትርጉሙም ብዙውን ጊዜ ከእውነቱ የባሰ ነው።

ሠርጉ በጥር ተሠረገ። እኔም በልቼ ጠጥቼ መርቄ መጣሁ። ፀጉሯ እንደ ልማዷ በቀኝ በኩል ተለቅቋል። «አሁንስ ለምን?» ብላት «አሁን ስለሚያምርብኝ ነው» አለችኝ። ሐብሉ እናትየው አንገት ላይ ያበራል። ፎቶ አንሺው «ለፎቶው እንዲመች» ብሎ ሙሽሮቹን ቦታ ሊያቀያይራቸው ቢሞክር ሙሽራው በጄ አላለም።

«እኔ ከግራዋ አልነሳም» አለ።